ሃጊያ ሶፊያን ለሁለት ተካፍለን አየናት

በ2016 ዓ.ም ክረምት ሁለት የጅማ ልጆች ኢስታንቡል አንድ ቀን አደርን። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ። ዒድንም ፋሲካንም አንድ ትሪ ላይ የበላን ሰዎች፣ ዛሬ መስጊድ የሆነችው ሃጊያ ሶፊያ ደጅ ላይ ስንደርስ ተለያየን።

ጥበቃው "ለሶላት ነው?" አለኝ። አዎ ስለው በነፃ አለፍኩ። ጓደኛዬን ወደ ሌላ በር ላከው። 25 ዩሮ! ቡና ነጋዴ ነውና ስንት ኪሎ ቡና እንደሚሆን እያሰላ ሄደ።

አሠራሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ታች ለሰጋጅ፣ ፎቁ ከፍሎ ለሚገባ የውጭ ጎብኚ።

ቤቷ በ537 እ.አ.አ. በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ስትመረቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1453 የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መህመድ ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡል፣ ሲይዝ መስጊድ ሆነች። በ1934 ሙዚየም እንድትሆን ተወሰነ፣ በ2020 ደግሞ ተመልሳ መስጊድ ሆነች። የትኛው ይሻል ነበር የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔ ዙህር፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግጄባታለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

ጫማዬን አውልቄ አረንጓዴውን ምንጣፍ ስረግጥ እግሬ ሰመጠ። ቀና አልኩ። ጉልላቱ ከወለሉ 55 ሜትር ያህል ይርቃል፣ አንገት ያማል። ከሥሩ በአራቱ ማዕዘን ክንፋም መላእክት አሉ። የሦስቱ ፊት ተከድኗል፣ የአንዱ ብቻ ይታያል። እሱን እያየሁ ኢማሙ ተክቢራ አደረገ። ከፊት ለፊት፣ የመካን አቅጣጫ ከሚያሳየው ሚህራብ በላይ ያለችው ማርያም ልጇን እንደታቀፈች በመጋረጃ ተጋርዳለች። ፎቅ ያለውን ሞዛይክ፣ ከትንንሽ ቁርጥራጭ የተገጣጠመውን ሥዕል፣ አላየሁም። ለሶላት የገባ ሰው ወደዚያ አይወጣም።

የሕንፃው ባለአደራዎች ምክንያት እንዳላቸው ይገባኛል። 1,500 ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ቤት ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ በር አትችለውም። ሰው ሲሰግድም ካሜራ ደግኖ ፊቱ መቆም ነውር ነው። ግን ሶላት ቀኑን ሙሉ አይሰገድም። በመሃል ባለው ሰዓት ጎብኚው ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ታች ቢገባ ምን ይጎድላል? ሰጋጁስ ፎቅ ቢወጣ?

ነገሩ ያሳሰበኝ ጅማ አጠገብ ላለችው ለጅሬን ብዬ ነው። እዚያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ያለው መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል። ቱሪስት ይብዛልን እያልን ነው፣ ይብዛ። ነገር ግን ሲበዛ ቶሎ የሚታየን መፍትሔ አጥርና ትኬት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሰጋጁንና እንግዳውን በአጥር ከመለየት ሰዓት መለየት ይሻላል። አምስቱን የሶላት ሰዓት በር ላይ መለጠፍ፣ ሻሽና ነጠላ የሚያውስ፣ ጫማ የሚያስቀምጥ አንድ የሰፈር ልጅ መቅጠር። ወጪው ይኸው ነው።

ማታ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ የፎቁን ሞዛይክ አሳየኝ። ክርስቶስ መሃል፣ ማርያምና መጥምቁ ዮሐንስ ግራና ቀኝ፣ ከታች ግን ምስሉ ረግፏል። ቀጥሎ ከላይ ሆኖ እኛን ያነሳበት ፎቶ መጣ።

"ስማ፣ ሰልፋችሁ እኮ ጠማማ ነው" አለኝ።

አየሁት፣ እውነቱን ነው። ቤቷ ወደ ምሥራቅ ነው የተሠራችው፣ መካ ደግሞ ከዚያ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ስለዚህ ሚህራቡም የምንጣፉ መስመርም ሰያፍ ናቸው። እዚያው ቆሜ ሰግጄ አላስተዋልኩትም ነበር።