ኖታ ቆጥሮ ደመወዝ መክፈል የብራስ ተጫዋችን ሥራ አለማወቅ ነው

እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን ቦን ከተማ የቤትሆቨን ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ክርክራቸው አጭር ነበር፦ በአንድ ኮንሰርት ከትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች የበዛ ኖታ ስለምንጫወት ክፍያችንም ይብለጥ የሚል። ይህ ዓይነቱ ስሌት በጀት በጠበበ ቁጥር ብቅ የሚል ነው። ብራስ የሚባሉትን የናስ መሣሪያዎች፣ ማለትም ትራምፔት፣ ፍሬንች ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ ለሚነፉ ሰዎች ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

የአቀናባሪውን የብራምስን የመጀመሪያ ሲምፎኒ እንውሰድ። ሦስቱ ትሮምቦኖች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አንዲት ኖታ እንኳ የላቸውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይቀመጡና በአራተኛው ክፍል መግቢያ ላይ እንደ መዝሙር ያለ ዜማ እጅግ ለስለስ አድርገው እንዲጫወቱ ይጠበቃል፤ የመጀመሪያው ትሮምቦን እዚያው ላ ወደምትባለው ከፍተኛ ኖታ ይወጣል። ያን ጊዜ ከንፈሩም ብረቱም ቀዝቅዘዋል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀዘቅዝ ድምፁ ከግማሽ ቶን ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ታዲያ ተጫዋቹ መግቢያው ሲቃረብ ማውዝፒሱን (የሚነፋበትን የመሣሪያውን አፍ) ከንፈሩ ላይ አድርጎ ድምፅ ሳያወጣ ትኩስ ትንፋሽ ወደ ቱቦው ይልካል፤ እስከ መግቢያው የቀሩትን የሙዚቃ ምቶችም በልቡ ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ በኖታ ቆጠራው ግን ዜሮ ነው።

ስህተትም እኩል አይታይም። በቫዮሊን ክፍል አንዱ ቢስት ያንኑ መስመር የሚጫወቱት ጓደኞቹ ይሸፍኑታል። የሆርን ተጫዋች ብቻውን ነው። በኤፍ ቃና የተሠራ ፍሬንች ሆርን ቱቦው ሲዘረጋ 3.7 ሜትር ያህል ይረዝማል። በከፍተኛው የድምፅ ክልል ቫልቭ (በጣት የሚጫነው ቁልፍ) ሳይነካ የሚወጡት ድምፆች እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው ከንፈር ለቅጽበት ላላ ወይም ጠበቅ ካለ የጎረቤቷ ኖታ ትወጣለች። ይህን አዳራሹ ሁሉ ይሰማል።

ዋናው ጉዳይ ግን ከንፈር ነው። ኦርኬስትራው የሚቃኝባትን ላ ለመንፋት የትራምፔት ተጫዋች ከንፈር በሰከንድ 440 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ጡንቻው ሲደክም መጀመሪያ ድምፁ አየር አየር ይላል፤ ቀጥሎ ከፍተኛ ኖታዎች እምቢ ይላሉ። ተጫዋቹ እነሱን ለማውጣት ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ ይጫነዋል። ግፊቱ የደም ዝውውሩን ያፍነዋል፤ ከንፈሩ ያብጣል፤ ያበጠ ከንፈር ደግሞ ይባስ ብሎ አይርገበገብም፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል። ከዚህ አዙሪት መውጫው መሣሪያውን ማስቀመጥ ብቻ ነው። በግድ የገፋበት ሰው በአፍ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሊቀደድበትና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዲስቶኒያ የሚባለው ደግሞ የነርቭ ችግር ነው፤ ጡንቻው ሳይጎዳ ትእዛዝ አልቀበል ይላል። የብዙዎች ሙያ እዚያ ላይ አብቅቷል።

ልምምዱም በዚሁ ልክ መሆን አለበት። 20 ወይም 30 ደቂቃ ከተነፋ በኋላ ያንኑ ያህል ማረፍ፤ በረዥም፣ ለስላሳና ዝቅተኛ ኖታዎች መጀመር፤ ከከባድ ኮንሰርት ማግስት ደግሞ ከእነዚያ አለማለፍ። ለሰዓታት ሳያቋርጡ መንፋትን እንደ ትጋት የሚያሞግሱ አስተማሪዎች ተማሪውን እየጎዱት ነው።

ወደ ሥራው መግባቱም ቀላል አይደለም። አንድ ኦርኬስትራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቱባ ብቻ አለው። አርኖልድ ጃኮብስ በአሜሪካው የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 ያችን ወንበር ይዞ ነበር፤ በእነዚያ 44 ዓመታት ሌላ ቱባ ነፊ በቋሚነት የሚገባበት ቦታ እዚያ አልነበረም። ወንበር ሲከፈት ተፈታኙ ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ይቆማል። ትራምፔት ነፊ ከሆነ የአቀናባሪውን የማህለርን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ያለ አጃቢ ይነፋል፤ የመጀመሪያዋ ኖታ ካልወጣች የዓመታት ዝግጅት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ገብቶ መቆየትም ሌላ ጥበብ ነው። አዶልፍ ኸርሰዝ እዚያው ቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 2001 የመጀመሪያው ትራምፔት ነበር፤ በ1952 በመኪና አደጋ ከንፈሩና ጥርሱ ተጎድቶ እንኳ ወደ ወንበሩ ተመልሷል። የእሱ ግን ብርቅ ዕድል ነው። ማንም አስተዳደር ተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲህ ያገግማሉ ብሎ ማቀድ የለበትም።

ስለዚህ ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ሁሉ የመጀመሪያውን ሆርን ረዳት ወንበር አይንካ። ረዳቱ ጮክ የሚሉትን ቦታዎች እየተቀበለ ዋናው ለሶሎው ከንፈሩን እንዲያተርፍ ያደርጋል። የኦርኬስትራ መሪዎችም በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት መደምደሚያውን በሙሉ ኃይል ደጋግመው አያስነፉ። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ብራሶቹ ቀስ ብለው ወይም አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ይንፉት፤ የማይነፉበት ክፍል ሲለማመድም ወጥተው ይረፉ። ከንፈሩ የሚፈለገው ማታ ነው።