ኮሌታ ብቻ የሚሰፋ እጅ

ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያስነበባችሁን ጽሑፍ አየሁት፤ ሠራተኞቹን ለሥራ አጥነት የዳረገው የአጎዋ (የኢትዮጵያ ምርት ያለቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ይፈቅድ የነበረው የንግድ ዕድል) መታገድ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገረን። ኅዳር 2014 ላይ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ፤ ታኅሣሥ ላይ አጎዋ ለኢትዮጵያ ቆመ። ድንጋጤው ለሁሉም እኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እኩል አልሆነም።

የአክስቴ ልጅ ፓርኩ ውስጥ ከአንዱ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ከረመች። ልኬት መውሰድ፣ ጨርቅ መቁረጥ፣ አንድ ሸሚዝ ጀምሮ መጨረስ ማንም አላሳያትም። ስትወጣ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግታ መሥራት እንኳ አልቻለችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወላይታ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን የወጣው የማሽን መካኒክ ግን ከተማዋን አልለቀቀም፤ ዛሬ የስፌት ማሽንም የውሃ ፓምፕም ይጠግናል። (ደመወዙ ያኔ ከእሷ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ይሄ ነው የሚገርመኝ።)

ስለዚህ ጸሐፊው «ዘመናዊ ማሽን ገብቶ ነበር» ሲሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሲበላሽ ማን ነበር የሚፈታው፣ የእኛ ልጅ ወይስ ከውጭ የመጣ ባለሙያ? በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ከፓርኩ የወጡትን በየሙያቸው ለይተው የት እንደደረሱ ቢያስነብቡን።