የኃይል ትምህርት ከማጀት ይጀምር

ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ አስቁሙና ስለ ኃይል ምንጮች ጠይቁት። ሳይተነፍስ ይዘረዝርላችኋል። ታዳሽ፦ ውኃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ እንፋሎት። ታዳሽ ያልሆነ፦ ነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የተፈጥሮ ጋዝ። የሕዳሴ ግድብ ስንት ሜጋ ዋት ነው ብትሉት 5,150 ይላችኋል። ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ሻይ የፈላው በምንድን ነው ስትሉት ግን ግራ ይጋባል። ጥያቄው ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝ አይመስለውም።

ልጁ አልሰነፈም። ያስተማርነው እንደዚያ ነው።

በዚህ አገር ከምንጠቀመው ኃይል ከአሥር እጁ ስምንት ዘጠኙ ዛሬም የሚመጣው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከአገዳ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም። ታዲያ ክፍል ውስጥ «ኃይል ቆጥቡ» ሲባል ምን ይባላል? አምፖል አጥፉ፣ የፍሪጅ በር ቶሎ ዝጉ። እናቱ ጭራሮ ለቅማ ለምትመጣ ልጅ ይሄ ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው።

የከተማውም ልጅ ቢሆን በደንብ አልተማረም። አምፖሉን ያጠፋል፣ ጎሽ። የቤቱ ትልቁ በላተኛ ግን የእንጀራ ምጣዱ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምጣዶች 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባሉ። ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ቢጋገርበት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በዚህ ኃይል አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ሰዓት ይበራል። ማታ ማታ አምስት ሰዓት ብናበራው 70 ሌሊት ነው። ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ልጁ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ቆጣሪውን ያንብብ፤ ጋግረው ሲጨርሱ ደግሞ ያንብብ። ልዩነቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ያስተያይ። የአንዱ ቤት ለምን በለጠ? ምጣዱ አርጅቶ ነው? አክንባሎው አልገጥም ብሎ ነው? ወይስ በየቀኑ ሦስት አራት እንጀራ ብቻ ለመጋገር ምጣዱ እንደ አዲስ እየጋለ? ቁጠባ እንዲህ ሲሆን ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። የበዓል ዋዜማ መብራት ለምን እንደሚሄድም በዚያው ይገባዋል።

ማገዶ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። እንጨት «ታዳሽ» ከሚባሉት ጋር ይመደባል፤ ፈተና ላይም ልጁ እዚያ ላይ ምልክት አድርጎ ማርኩን ይወስዳል። እንጨት የሚታደሰው ግን የምንቆርጠው ከሚያድገው ካልበለጠ ነው። በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል። ከአዋሽ እስከ መተሐራ መንገድ ዳር የተደረደረው ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ከየት መጣ? አብዛኛው ግራር ነበር። ግራር እንደ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አይደርስም። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ ዛፍ ቢከሰል ግን ሌላ ጨዋታ ነው፤ እዚያ መቁረጡ ራሱ ጥቅም አለው። «ዛፍ መቁረጥ መጥፎ ነው» ብሎ በደፈናው ማስተማር ይህን ልዩነት ይደፍነዋል።

ኩበቱም እንደዚያው ነው። እርሻ ላይ መግባት የነበረበት ፍግ እሳት ውስጥ ይገባል። ገበሬው የጎደለውን በዩሪያ ለመተካት ይሞክራል፤ የዩሪያን ዋጋ ደግሞ እሱ ያውቀዋል። ዛፉ ያለቀበት ተራራ አፈሩ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል። አፈሩ የት ይደርሳል? አዋሽ ወንዝ ላይ ያለውን የቆቃ ግድብ ተመልከቱ። ግድቡ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ ወዲህ ደለሉ ከሐይቁ ቀላል የማይባል ቦታ ይዞበታል። ደለል የሞላው ግድብ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፤ ውኃው ሲያንስ ተርባይኑም ያንሰዋል። ላይኛው አዋሽ ያለች ጎጆ ሥር የሚነደው ጉቶና አዲስ አበባ የሚበራው አምፖል በአንድ መስመር የተያያዙ ናቸው። መጽሐፉ ግን አንዱን «የደን ምንጣሮ»፣ ሌላውን «የውኃ ኃይል» በሚል በተለያየ ምዕራፍ ያስቀምጣቸዋል።

መምህራን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ልጅ፣ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት፣ ላቦራቶሪው የተቆለፈ። እውነት ነው። ግን የምለው ሚዛንና ምድጃ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። ማገዶው ተመዝኖ አሥር እንጀራ በሦስት ጉልቻ ይጋገር፤ አሥር ደግሞ «ምርት» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ። የተረፈው እንደገና ይመዘን። ምርት ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ሲነገር ኖሯል፤ ልጆቹ ራሳቸው ያረጋግጡት፣ ካልሆነም «አልሆነም» ይበሉ። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው። በየዓመቱ የምናስተክላቸውን ችግኞችም በማግስቱ ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ ያስቆጥሯቸው። ፎቶ መነሣቱ ላይማ ጎበዞች ነን።

መጀመሪያ የሚለካውም ሩቅ አይደለም። የተማሪዎች ምገባ ያለባቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ምግቡን የሚያበስሉት በማገዶ ነው። በጭስ የሚጨናበሱት ደግሞ የልጆቹ እናቶችና ጎረቤቶች ናቸው። የሳይንስ ክበቡ አንድ ወር ሙሉ የሚገባውን እንጨት ይመዝን፣ ሒሳቡን ይሥራ፣ ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ ኮሚቴው ያቅርብ። «የተሻለ ምድጃ ይሠራልን» ሲሉ በጀት የለም ይባሉ ይሆናል። እነሱም በወሩ ለእንጨት የወጣውን ብር ጠቅሰው ይከራከሩ።