ለክቡር የኮምፒውተሬ እንቅልፍ

ጉዳዩ፦ በሌለሁበት መተኛትዎን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ ቤት ካለሁ እርስዎ የሉም። እኩለ ሌሊት ድረስ ስሠራ፣ ልጆች ፊልም ሲያዩበት ኮምፒውተሩ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ከበር ስወጣ ግን ከተፍ ይላሉ። ሰነፍ ዘበኛ እንኳ ቢያንስ መኪናው እስኪታጠፍ ይጠብቃል።

እንደሚያውቁት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሂሳብ ፕሮግራሜ ፒችትሪውም የደንበኞቼ መዝገብም ያሉት አዲስ አበባ፣ ቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ሐዋሳ ሆቴል ቁጭ ብዬ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠራውን ኤኒዴስክ ከፈትኩ፤ የቤቱን ኮምፒውተር ቁጥር አስገባሁ። ቤት መብራት አለ፣ ኢንተርኔትም አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን የተገናኙበት ብርቅ ዕለት ክቡርነትዎ በተኙበት አለፈ።

እርግጥ እርስዎን የሚቀሰቅስ ዘዴ አለ፤ ዌክ ኦን ላን ይሉታል። ወደ ተኛው ኮምፒውተር 102 ባይት የሆነች መልእክት ትላካለች፦ መጀመሪያ 6 ባይት ማንቂያ፣ ከዚያ የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። 16 ጊዜ! እኛ ቤት ለቅዳሴ የሚቀሰቀስ ሰው በሦስተኛው ጥሪ ካልተነሣ ብርድ ልብሱ ይገፈፍ ነበር። መልእክቷ ደግሞ በተለምዶ ከቤቱ ኔትወርክ ውጭ ሆና አትሠራም፤ ከሐዋሳ ብትላክ ራውተሩ ደጃፍ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ የሚጣራ፣ ሁልጊዜ የበራ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። እርስዎ እንዲነሡ ሌላው ሳይተኛ ማደር አለበት ማለት ነው።

ይሁን፣ ተነሡ እንበል። ዊንዶውስ ውስጥ ለክብርዎ የተደበቀች አንዲት ደንብ አለች፦ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ከነቃ፣ ደንቧ ካልተቀየረች በቀር፣ በ2 ደቂቃ መልሶ ይተኛል። ሁላችንም ከምናውቀው የእንቅልፍ ሰዓት ማስተካከያ የተለየች ናት፤ እዚያ አትታይም። የይለፍ ቃሌን አስታውሼ ሳልጨርስ እርስዎ ተመልሰው አንሶላ ውስጥ ነዎት።

እናም ወደ እማዬ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እስኪ ማውሱን ነቅነቅ አድርጊልኝ።»

«ነቀነቅኩት፤ ምንም የለም።»

«ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?»

«ዳንቴል።»

«እሱን አንሺውና እዪ።»

«አቧራ ይገባበታል! ደግሞስ ተኝቶ ከሆነ ምን አስቸኮለህ? እሱስ አይደክመውም?»

ይህን ጊዜ የእናቴንና የእርስዎን የጠበቀ ወዳጅነት ተረዳሁ። ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠር እየተባለ የሚነገረው ሁሉ እኛ ቤት ሲደርስ እናቴን በስልክ መቆጣጠር ሆኗል፤ እሷን ደግሞ እንኳን እኔ አባቴም አልቻላት። ሃያ ደቂቃ ካስረዳኋት በኋላ ስክሪኑ በራ፤ ኤኒዴስክም ገባልኝ። ፒችትሪው ተከፍቶ ሲያልቅ ሰማዩ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬ መብረቅ ፈርታ ሶኬቱን ነቀለችው።

እዚህ ላይ ከታላቅ ወንድምዎ ከሃይበርኔት ትንሽ ቢማሩ ምን ነበረበት? እሱ የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ነው የሚጋደመው፤ መብራት ሄደ መጣ ግድ የለውም። እርስዎ ግን በመደበኛው መንገድ ሲተኙ ሁሉን ነገር ሜሞሪ ላይ እንዳለ ትተው ያሸልባሉ፤ መብራት ከሄደ ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ፣ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ «መብራት ሲመለስ ተነሣ» የሚለው ካልተመረጠለት፣ ብዙው ዴስክቶፕ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። የእኔን መርጬለታለሁ። ይነሣል። ሰው እንዳልነካው ሲያይ ግን እርስዎን ይጠራል።

ስለሆነም ከሰኔ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ የእረፍት ፈቃድ የማይሰጥዎ መሆኑን እያሳወቅኩ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ግን ያለ ማንም ቀስቃሽ ቢተኙ ተቃውሞ የለኝም። በተጨማሪም ከእናቴ ጋር ያለዎትን የጥቅም ግንኙነት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለታላቅ ወንድምዎ ለሃይበርኔት፣ እንዲያውቁት
ለእማዬ፣ ዳንቴሉ ሥር