ጎኩ ዓለምን አድኗል፤ ልጁን ግን ማን አሳደገው?

የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ወዳጆች ሲሰባሰቡ የማይቀር ክርክር አለ። የ"ድራጎን ቦል" ጀግና ጎኩ ጥሩ አባት ነው ወይስ አይደለም? አንዱ "ምድርን ስንቴ አትርፏል፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?" ይላል። ሌላው "ልጁን ጎሃንን ያሳደገው ፒኮሎ ነው" ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ከዚያ ሳቅ ይሆናል፤ ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

እኔ ግን ቀልዱን የምር ልወስደው ነው። በእኔ እይታ አብዛኞቹ የአኒሜ ጀግኖች ደካማ አባቶች ናቸው። ልጆቻቸውን ይወዳሉ፣ ይሞቱላቸዋልም። መሞት ይችሉበታል፤ ቤት መዋል ግን አይሆንላቸውም። (ታሪኮቹን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከዚህ በታች መጨረሻቸውን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጎኩ እንጀምር። የአኪራ ቶሪያማ "ድራጎን ቦል" ከ1984 እስከ 1995 በሳምንታዊ መጽሔት ላይ የወጣ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ነው። ጎሃን የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አጎቱ ራዲትስ ይነጥቀዋል። ጎኩ ልጁን ለማስጣል ሲል ከወንድሙ ጋር አብሮ ይሞታል። እስከዚህ ድረስ የሚወቀስበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሕፃኑን ማን ወሰደው? ፒኮሎ፤ ያውም የአባቱ ደመኛ። ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ለስድስት ወር ብቻውን ጣለው። ቀጥሎ እየደበደበ አሠለጠነው። ይህን ደግ አሳዳጊ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ናፓ የተባለው ወራሪ ጎሃንን ሊገድለው ሲል ዘሎ ከፊቱ የቆመው እሱ ነው። ሲሞትም እንባው እየወረደ ነበር። በሕይወቱ በቅጡ ያናገረው ይህ ልጅ ብቻ እንደሆነ ነገረውና ሞተ።

(በዚህ ታሪክ ሙታን በምኞት ይነሳሉ፤ ጎኩም ፒኮሎም ተነስተዋል።) ፍሪዛ ከተባለው ጠላት ጋር የተደረገው ውጊያ ካለቀ በኋላ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ጓደኞቹ ጎኩን ወደ ምድር እንዲመልስላቸው ምኞት ሰጪውን ዘንዶ ይለምኑታል። ዘንዶውም ሰውየው አልመጣም እንዳለ ይነግራቸዋል። በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል አሉ! ምን ሲሠራ ቆየ? ሌላ ፕላኔት ላይ አዲስ የውጊያ ዘዴ ሲማር።

እዚህ ላይ ስለ ሚስቱ ስለ ቺቺ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። ደጋፊው ሁሉ ጨቅጫቃ ይላታል። ምን አደረገች? ልጄ ይማር አለች። ባሌ ገንዘብ ይዞ ገብቶ አያውቅም አለች። ጎሃን አድጎ የሆነው ምሁር ነው፤ ከልጅነቱም የተመኘው እሱን ነበር። ሴትዮዋ ልክ ነበረች።

ለእኔ ጉዳዩን የሚዘጋው ግን ሴል ከተባለው ጠላት ጋር የተደረገው ውጊያ ነው። ጎኩ ጥቂት ይዋጋና በቃኝ ብሎ ይወጣል። ልጁን ተረኛ ያደርገዋል። ይባስ ብሎ ውጊያው ፍትሐዊ እንዲሆን ለሴል ኃይል የሚመልሰውን ፍሬ ይወረውርለታል። ጎሃን ይደበደባል። ጎኩ ቆሞ ያያል፤ ልጁ ሲናደድ የተደበቀው ኃይሉ ይወጣል ብሎ ይጠብቃል። ያኔ ነው ፒኮሎ የሚጮኽበት። ይህ ልጅ እንዳንተ ውጊያ አይወድም ይለዋል። አሁን በልቡ ምን እያሰበ እንደሆነ ታውቃለህ? እየሞትኩ አባቴ ለምን አይደርስልኝም እያለ ነው ይለዋል። ጎኩ ይደነግጣል። ልብ በሉ፣ ይህ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጭራሽ ያልታየው ነገር ነበር። ክፋት የለበትም ሰውየው። ልጁን እንደ ራሱ አድርጎ ነው የሚያየው፤ በቃ።

ከዚያ ጎኩ እንደገና ይሞታል። ጓደኞቹ ሊያስነሱት ሲሉ አይሆንም ይላል፤ ጠላቶች የሚመጡት እኔን ብለው ነውና እኔ ባልኖር ምድር ትርፋለች የሚል ምክንያት ይሰጣል። ምክንያቱ ውሃ ያነሳል። ግን ቺቺ ነፍሰ ጡር ናት። ጎተን ተወልዶ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን የሚያየው፤ ያም ከሙታን ዓለም ለአንድ ቀን እንዲመለስ በተሰጠው ፈቃድ።

ቶሪያማ ይህን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለኝም። በ2022 የወጣውን "ሱፐር ሂሮ" የተባለውን ፊልም ጽሑፍ እሱ ራሱ ነው የጻፈው። እዚያ ላይ ጎሃን ትልቅ ሰው ሆኗል። ጥናቱ ላይ ተቸክሏል። የ3 ዓመት ልጁን ፓንን ከመዋዕለ ሕፃናት ማን ያምጣት? ፒኮሎ ይላካል። አባቱን ሲጠብቅ ያደገው ልጅ አሁን ራሱ የሚጠበቅ ሆነ። ተሸካሚው ግን ያው ሰው ነው። ፓን ስትታገት የጎሃንን ንዴት ለመቀስቀስ ሲባል ፒኮሎ ነገሩን ማመቻቸቱን ሳይ ሳቄ መጣ። አባትዬውን ወደ ልጁ የሚያመጣ ሌላ መንገድ አልተገኘም ማለት ነው።

አባቶቹ ለምን እንዲህ ሆኑ ከተባለ፣ አንዱ ምክንያት የጥበቡ አሠራር ነው። እነዚህ ማንጋዎች የሚጻፉት በዋናነት ለወጣት ወንዶች ነው። ብርቱ አባት ቤት ካለ ልጁ ምን ችግር ይገጥመዋል? ስለዚህ አባትየው ይሞታል፣ ይጠፋል ወይም ሥራ ላይ ነው። በ"ሃንተር ሃንተር" ጎን የተባለው ልጅ ከደሴቱ የሚወጣው ጥሎት የሄደውን አባቱን ጂንግን ፍለጋ ነው። የ"ዋን ፒስ"ን ሉፊ ያሳደገው አባቱ አይደለም። የ"ማይ ሂሮ አካዴሚያ" ዋና ገጸ ባሕርይ የዴኩ አባት ውጭ አገር ይሠራል ተብሎ በዚያው ተረስቷል።

ሌላው ምክንያት ከጃፓን ኑሮ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ድርጅቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲያዛውረው ቤተሰቡን ትቶ ብቻውን የሚሄድ አባት እዚያ የተለመደ ነው። መንግሥት ወንዶች ልጅ በማሳደግ እንዲሳተፉ ዘመቻ የጀመረው በ2010 ነበር። በ2012 የአባትነት ፈቃድ የወሰዱት ወንዶች ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም። በ2023 ወደ 30 በመቶ ደርሰዋል። ጎኩ ከዘመቻው በፊት የተሣለ አባት ነው። ናሩቶ ግን መሀል ላይ ወደቀ።

ናሩቶ ለእኔ ከጎኩ የበለጠ ያሳዝናል። ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 ድረስ የጻፈው የአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ ነው። እናትና አባቱ በተወለደባት ሌሊት ለእሱና ለመንደሩ ሲሉ ሞቱ። ጀግንነታቸው የሚካድ አይደለም። ልጁ ግን ብቻውን በላ፣ ብቻውን ተኛ። ይህ ልጅ አድጎ የኒንጃዎቹ መንደር መሪ ሆነ። ሚስት አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ። ከዚያስ?

በ2015 ቦሩቶ የተባለው ፊልም ሲወጣ አየነው። ናሩቶ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ተቆልሎበት ተቀምጧል። የሴት ልጁ የሂማዋሪ ልደት ላይ ራሱ አልመጣም፤ በኒንጃ ጥበቡ የሠራውን የራሱን ቅጂ ላከ። ቅጂው ኬኩን ይዞ እየመጣ ሳለ ብን ብሎ ጠፋ። ኬኩም መሬት ላይ ተፈጠፈጠ። ወንድ ልጁ ቦሩቶ አባቱን ቢጠላ ይፈረድበታል? በአኒሜ ካየኋቸው ጠብና ሞት ሁሉ ይልቅ ያ ኬክ ነው የማይረሳኝ። ናሩቶ እኮ ዳተኛ አይደለም። መንደሩ ሁሉ ልጄ ነው ብሎ የራሱን ልጆች እንደ ተራ ነዋሪ አድርጓቸዋል። የናሩቶ ጓደኛ ሳስኬ ደግሞ ይብሳል፤ ልጁ ሳራዳ ልታገኘው ስትመጣ ሳያውቃት ሰይፍ መዘዘባት። (እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ብጀምረው አላባራም።)

"ለእናንተ ብዬ እኮ ነው የምለፋው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በየቤታችን እናውቃታለን። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ሁለት ሥራ ይዞ ሌሊት የሚገባ አባት ይላታል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው አባትና ውጊያ ስለናፈቀው የሚጠፋው አባት አንድ አይደሉም። ጎኩ ላይ የምጨክነው ለዚህ ነው፤ ጎኩ ኪራይም አልከፈለም።

የጎኩን ተቀናቃኝ ቬጄታን የሚያነሱልኝ አሉ፤ ያንሱ። ሲጀምር የሚስቱና የሕፃን ልጁ አውሮፕላን ሲመታ ዞር ብሎም አላየም። በኋላ ያንን ልጁን ትራንክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈው ሊሞት ሲል ነው። ግን ሴት ልጁ ልትወለድ ስትል ሥልጠናውን ትቶ ቤት ቆየ። እንደ ቬጄታ ላለ ሰው ይህ ኃይሉ ሲጨምር ከሚመጣው ከማንኛውም የፀጉር ቀለም ለውጥ ይበልጣል።

ስለ መጥፎ አባት በሐቀኝነት የተጻፈው ግን ኮሄይ ሆሪኮሺ "ማይ ሂሮ አካዴሚያ" ላይ የፈጠረው ኤንዴቨር ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው በሕዝብ ፊት ሁለተኛው ታላቅ ጀግና ነው። የእሳት ኃይል አለው። አንደኛ መሆን ስላልቻለ የበረዶ ኃይል ካላት ቤተሰብ ሴት መርጦ አገባ፤ ሁለቱንም ኃይል የያዘ ልጅ ለመውለድ ብሎ። የመጀመሪያው ልጅ ቶያ ሰውነቱ እሳቱን አልችል ሲል ተተወ። የመጨረሻው ሾቶ የተፈለገውን ይዞ ተወለደ፤ እሱም በሕፃንነቱ በሥልጠና ተቀጠቀጠ። እናትየዋ አእምሮዋ ተናግቶ የልጇ ፊት ላይ የፈላ ውሃ ደፋች። ውጭ ሲያዩት ግን ሕይወት የሚያተርፍ ጀግና ነው። ስንቱ ወላጅ እጁን ይዞ አመስግኖታል!

ኤንዴቨር በኋላ ይጸጸታል። ሌሎች ታሪኮች እዚህ ላይ አንድ እንባና አንድ ማቀፍ ጨምረው ሰውየውን ነጻ ይለቁት ነበር። ሆሪኮሺ ግን አልለቀቀውም። ናትሱኦ የተባለው ልጁ ይቅር አልልህም ይለዋል፤ ከሞት አፋፍ ተርፎ አባቱ ካቀፈው በኋላም እንኳ። ኤንዴቨርም ይቅር በሉኝ አይልም። ቤተሰቡ እሱ የሌለበት ቤት እንዲኖረው ብሎ ሌላ ቤት ያሠራላቸዋል። አንባቢው ተከፋፍሏል፤ ይቅር ይባል የሚሉ አሉ፣ አይባልም የሚሉ አሉ። እኔ ከናትሱኦ ጋር ነኝ። ይቅርታው የልጁ ንብረት ነው፤ ካልፈለገ አይሰጥም። የአባትየው መለወጥ ደግሞ ያለ ይቅርታም ይቀጥላል፣ መቀጠልም አለበት።

ታዲያ ጥሩ አባት የለም ወይ? አለ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ነው የምታገኙት። የሂሮሙ አራካዋ "ፉልሜታል አልኬሚስት" ውስጥ ሂውዝ የሚባል መኮንን አለ። ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ የልጁን ፎቶ ያሳያል። ሰው ይሰለቸዋል። እሱ ግን አይሰለችም። ሲገደልም ገዳዩ የሚስቱን መልክ ይዞ ስለቀረበው እጁን ማንሳት አቅቶት ነው። ቀብሩ ላይ ሕፃኗ ኤሊሲያ አባዬን ለምን ትቀብሩታላችሁ፣ ሥራ አለው እኮ ትላለች። ይህን አይታችሁ ያላለቀሳችሁ ካላችሁ እንነጋገራለን።

ሁለተኛው ሎይድ ነው። የታትሱያ ኤንዶ "ስፓይ ፋሚሊ" በ2019 ሲጀምር ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። ሎይድ ሰላይ ነው። ጦርነት እንዳይነሳ አንድ ፖለቲከኛን መቅረብ አለበት። የሚቀርበውም የሰውየው ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት ልጅ ካስገባ ነው። ስለዚህ ከማሳደጊያ አኒያን ያመጣል፤ ሚስትም ይፈልጋል። አባትነቱ የውሸት ነው። ግን ተልዕኮው ራሱ ቤት እንዲውል ያስገድደዋል። የቤት ሥራ ያሠራል፣ ምግብ ያበስላል፣ ፈተና ወደቀች ብሎ ይጨነቃል። ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ አንድ መምህር አኒያን ከድሮዋ እናትሽና ከአሁኗ ማን ትሻላለች ብሎ ያስለቅሳታል። ሎይድ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል። የልጆችን ስሜት መናቅ ትምህርታችሁ ከሆነ ትምህርት ቤት አሳስተን መርጠናል ብሎ ይወጣል። በዚያች ደቂቃ የዓለምን ሰላም ለአንዲት ልጅ እንባ አስይዟል።

ጎኩ ቢሆን ተልዕኮውን ይመርጥ ነበር። ናሩቶ ቃለ መጠይቁ ላይ ቅጂውን ይልክ ነበር። ስለ ሎይድ የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፖለቲከኛውን አግኝቶ ተልዕኮው ሲያልቅ ቤተሰቡ መበተን አለበት፤ ዕቅዱ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር። ኤንዶ ይህን ጥያቄ እስካሁን አልዘጋውም። አኒያ ግን የሰው ሐሳብ ማንበብ ትችላለች፤ ዕቅዱንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች።