ሥልጣና ሐይቅን ላገኙልን ሰዎች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ የጣና ዳር ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ ታናሽ ወዳጄ መጣና የማተሚያ ቤት ሽታው ገና ያልለቀቀውን መጽሐፍ ከስኒዬ አጠገብ አኖረው። «እስቲ ጋሼ፣ በአርታዒ ዓይን አንድ ጊዜ ይቃኙልኝ» አለኝ። ስንት ቅጂ እንደታተመ ብጠይቀው ሁለት ሺህ መሆኑን፣ ከትናንት በስቲያ በዳቦና በለስላሳ ተመርቆ መታደሉንም ጨምሮ በኩራት ነገረኝ። ጅብ ከሄደ በኋላ ጮኸ ተብሎ የሚታማው ያ ምስኪን ውሻ ለካ አርቆ አሳቢ ኖሯል፤ ጅቡ እያለ ቢጮኽ ኖሮ የሚሠራው ሥራ ይበዛበት ነበር።

አርታዒ ሳይቀጥሩ ሰነድ የሚያሳትሙ ወገኖቻችን የቁጠባ መምህራን ናቸው። ለሽፋኑ የወርቅ ቀለም፣ ለአዳራሹ ባነር፣ ለመድረኩ አበባ በጀት ሲይዙ ለአርታዒው ደግሞ ከአንድ ሳህን ለብለብ ዓሣ ጋር «እግዜር ይስጥልን»ን መድበዋል። ለሥራውም ስም አውጥተውለታል፤ «ፊደል ፊደሏን ማየት» ይሉታል። አርብ ማታ 142 ገጽ በፍላሽ ይሰጡህና «ለእርስዎ የአንድ ሌሊት ሥራ ናት» ብለው ሰኞ በጠዋት ይደውላሉ። አርታዒ የሚለው ቃል ረትዐ፣ ቀና ከሚለው ግዕዝ የተወለደ ነውና ትርጉሙ የሚያቀና ነበር። እነርሱ ዘንድ ግን አርታዒ ማለት አንብቦ «ግሩም ነው» የሚል ሰው ነው፤ ከዚህ አልፎ «ይህ ምዕራፍ ከዚያኛው ጋር ይጋጫል» ያለ እንደሆነ ምቀኛ ይባላል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ለጣና ዓሣ አጥማጆች የተዘጋጀ መመሪያ ነው። ኅትመቱ ሊገባ ሰዓታት ሲቀሩት አንድ አለቃ «ጣና ብቻውን ክብር ያንሰዋል፤ በየቦታው ጣና ሐይቅ ይባል» ብለው አዘዙ አሉ፤ ጸሐፊዋም በኮምፒውተሩ «ጣና» የሚለውን ሁሉ «ጣና ሐይቅ» በሚል በአንድ ጊዜ ተካችው። ኮምፒውተር ታዛዥ ነው። መጀመሪያውኑ «ጣና ሐይቅ» የነበረው «ጣና ሐይቅ ሐይቅ» ሆነ፤ ይህስ ባልከፋ። ነገር ግን በአማርኛችን ውስጥ ሳናውቀው የተደበቁ ሌሎች ጣናዎች ነበሩና እነርሱም አብረው ተገለጡ። «አመራሮች በሥልጣናቸው» የነበረው «አመራሮች በሥልጣና ሐይቅቸው» ሆኖ ታትሟል። «የአጥማጆች ቁጣና ቅሬታ» የነበረው «የአጥማጆች ቁጣና ሐይቅ ቅሬታ» ሆኗል። «የመረብ ጣጣና ወጪ»ም በበኩሉ «የመረብ ጣጣና ሐይቅ ወጪ» ተብሏል።

እስከዚያች ዕለት ድረስ የምናውቀው 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን፣ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚገቡበትን፣ ዓባይ የሚወጣበትን አንዱን ሐይቅ ብቻ ነበር። አሁን ግን ባለ አራት ሐይቅ ሆነናል! ሥልጣና ሐይቅ እንደምገምተው ከሁሉም ይሰፋል፤ ገባሩ ብዙ ነው፣ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። በደንገል ታንኳ አይደፈርም፤ በባለ ሞተር ጀልባ የገባ ሰውም መውጫውን ሲጠይቅ ታይቶ አይታወቅም። ዓሣዎቹ እጅግ የሰቡ ሲሆኑ መረብ ሲያዩ አይሸሹም፤ መረቡ የራሳቸው ነውና። ቁጣና ሐይቅ ክረምት ከበጋ ሞልቶ ይኖራል፤ ከዳርቻውም ቅሬታ የምትባል ከተማ ተቆርቁራለች፤ ነዋሪዎቿ ማመልከቻ በመጻፍ ይተዳደራሉ፣ መልስ የሚያመጣው ጀልባ ግን ሁልጊዜ ጥገና ላይ ነው። ጣጣና ሐይቅን በተመለከተ ጥልቀቱን የለካ ሰው አልተገኘም፤ ጣናን የወረረው እምቦጭ እንኳ ፈርቶት እስካሁን አልደረሰበትም። ለጎብኚ የሚያመችም ይህኛው ይመስለኛል፤ ማንም ሰው ትኬት ሳይቆርጥ ይገባበታል። ባሕር ዳርም ስሟ ካሁን በኋላ «ባሕሮች ዳር» ተብሎ እንዲስተካከል አሳስባለሁ።

ገጽ 58 ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ደረቀ። «በክረምት ወራት በወንዞች አፍ መረብ እንዲጣል» ይላል። ረቂቁ «እንዳይጣል» ይል እንደነበር ወዳጄ ራሱ አምኗል፤ «ዳይ» «ዲ» ሆናለች። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ፊደል ፊደሏን ያየ ሰው አያገኛትም፤ የሚያገኛት ጉዳዩን እየተከተለ የሚያነብ፣ ለዚህም ተከፍሎት በቂ ቀን የተሰጠው ሰው ነው። ባርበስ የሚባሉት፣ አብዛኞቹም ከጣና በቀር የትም የማይገኙት ዓሣዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ የሚወጡት በእነዚያ አፎች በኩል ነው። መረብ በዚያ ሲዘረጋ የሚያዘው የዛሬው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ነው። መመሪያውን የተቀበለው አጥማጅ ማኅተም አይቶ ያምናል፤ ማመኑም ጥፋት አይደለም። ለምረቃው ዳቦ ከወጣው ያነሰ ገንዘብ ይህን ያስቀር ነበር። ይህ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። በሐይቁ ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት የጻፉት ሰዎች የተሳሳተችውን ፊደል በስለት ፍቀው ያቀኑ፣ የተዘለለችውን ቃል በመስመሮች መካከል በደቃቅ ጽሕፈት ያስገቡ ነበር፤ ያውም ኤሌክትሪክ በሌለበት።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በትሕትና ነገርሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ትናንት ደውሎ ሁሉም ነገር መስተካከሉን አበሠረኝ፤ በየመጽሐፉ ጀርባ የሚለጠፍ አንድ ገጽ «እርማት» ሁለት ሺህ ቅጂ ታትሟል። ከመታተሙ በፊት ለምን እንዳላሳየኝ ብጠይቀው «ለአንድ ገጽ ደግሞ አርታዒ ምን ያደርጋል ብለን ነው ጋሼ» አለ። አንዱን ቅጂ ልኮልኛል። ስለ ገጽ 58 የሚለው ነገር የለም። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይነበባል፦ «በገጽ 12 ሥልጣና ሐይቅቸው የሚለው ሥልጣና ሐይቃቸው ተብሎ ይታረም።»