ከጣውላው ሥር ያለው ሲሚንቶ

የአየርላንድ የእግር ጭፈራ ኮከብ ማይክል ፍላትሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ሰከንድ ውስጥ 35 ጊዜ ወለሉን በእግሩ በመምታት ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ይኸው ሰው በ2016 መድረኩን ሲሰናበት አከርካሪውና ጉልበቶቹ ክፉኛ እንደተጎዱ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ብዙዎች ይህን የጭፈራው ጠባይ ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው ከጭፈራው ሳይሆን ከሚጨፈርበት ወለልና ከውድድሩ አዘገጃጀት ነው ባይ ነኝ።

በእርግጥ ጭፈራው ራሱ ለአጥንት አይራራም። እስክስታ ትከሻን ሲያናግር፣ በዚህኛው ጭፈራ ግን ከወገብ በላይ ያለው አካል ዝም ይላል፤ ክንድ ከጎን ተጣብቆ፣ ደረት ቀጥ ብሎ፣ ሥራው ሁሉ ለእግር ይተዋል። የባሌት ጨፋሪ ዘልሎ ሲያርፍ ጉልበቱን አጥፎና ተረከዙን አሳርፎ ምቱን ያበርዳል። የአየርላንዱ ጨፋሪ ግን ጉልበቱን እምብዛም ሳያጥፍ በእግሩ ፊተኛ ክፍል ላይ ያርፋል፤ ዳኞችም ተረከዙ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከሰውነቱ ክብደት በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ኃይል ማለፊያ ሲያጣ ከጣቶቹ ኋላ ባሉት ቀጫጭን አጥንቶች፣ በተረከዙ ጅማትና በቅልጥሙ ላይ ያርፋል። የሚያንኳኳው ጫማ ጫፉና ተረከዙ ከጠንካራ ፋይበርግላስ የተሠራ በመሆኑ የሚያለዝበው ነገር የለም፤ የተሠራውም ድምፅ እንዲያወጣ እንጂ ምት እንዲያበርድ አይደለም። ጉዳቱም በአንድ ክፉ ቀን የሚደርስ ስብራት ብቻ አይደለም፤ አጥንቱ በሺህ ጊዜ ምት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል፣ ልጁም ሕመሙን የልምምድ ድካም መስሎት ወራት ያሳልፋል።

የድሮዎቹ አየርላንዳውያን በገጠር ቤታቸው ለመጨፈር በር ከማጠፊያው ነቅለው መሬት ላይ ያነጥፉ ነበር። ድምፁን ለማድመቅ ነበር ያደረጉት፤ ሆኖም ጣውላው ሲመታ ትንሽ እየሰጠ ይለጠጥ ስለነበር፣ ሳያስቡት ለእግራቸውም በጀ። ዛሬ ግን ውድድሮች በሆቴል አዳራሾችና በስፖርት ማዕከላት ሲካሄዱ ስስ ጣውላ በቀጥታ በሲሚንቶ ላይ የሚነጠፍበት ጊዜ አለ። ከሥሩ የሚለጠጥ ድጋፍ ያለው ወለል ውድ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም በየዓመቱ ተወዳዳሪዎች ለሚያደርጉት ዊግና ለተጠለፈ ቀሚስ የሚወጣውን ገንዘብ ላየ ሰው የአቅም ማነስ የሚለው ምክንያት ብዙ አያሳምንም።

ሌላው የጊዜ አቆጣጠሩ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ከ1970 ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ሲካሄድ የኖረ በመሆኑ ልምምዱ የሚበረታው ከፋሲካ በፊት ባሉት የአውሮፓ ቀዝቃዛ ወራት ነው፤ በርካቶቹ ተወዳዳሪዎችም አጥንታቸው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጆች ናቸው። በእነዚያ ወራት አሠልጣኙ ከሦስት ልምምድ አንዱን በለስላሳው ጫማ ቢያደርገው፣ ቁርጭምጭሚት ላልቶ በፍጥነት ሲመታ የሚወጣው ጥርት ያለ ድምፅ በክብደት ሲረገጥ ከሚወጣው እንደሚሻል ቢያስተምር፣ ተማሪው ምንም አያጣም። አዘጋጆችም የመግቢያውን ክፍያና ሰዓት በሚያሳውቁበት ማስታወቂያ ላይ ከጣውላው ሥር ምን እንዳለ ሊጽፉ ይገባል፤ ወላጅ ይህን አንብቦ ልጁን ላለማስመዝገብ ቢወስን መብቱ ነው።